ሐይቅ ላይ የገዛሁት በረዶ

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

የመርሳ ገበያ። ሙቀቱ ከረፋዱ ጀምሮ አናት ይበሳል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቅቤው ማላብ ጀመረ። ወደ ሸራው ጥላ አዛወርኩት፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፈንኩት።

አንድ ሰው ከግራና ከተማ በቅል ቅቤ ይዞ መጣ። ከላይ ለጋ ነው፣ ያምራል። አውራ ጣቴን እስከ ቅሉ ወገብ ሰደድኩ... ሙዝ። አሽቶ ቀላቅሎበታል። "ወንድሜ፣ ይሄንን ለቁርስህ ብላው" አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሌላ ሰው ላይ ይሞክረዋል።

አስካለ ከደጋ ወረደች። እንደ ሁልጊዜው ሦስት ቅል። እሷ ግን እንደ ሁልጊዜው አይደለችም። ግራ ጉንጯ አብጧል። አፍንጫዬ ተደፍኗል፣ ራሴን ይፈልጠኛል አለች።

"ሐኪም ቤት ሂጂ።"

"ጉንፋን ነው እቴ። ይለቀኛል።"

"የስኳር ኪኒንሽስ?"

"በሁዳዴ ተውኩት። በባዶ ሆድ አይዋጥም አሉኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ በምን ልዋጠው?"

"ፋሲካ ካለፈ አስራ አንድ ቀን ሆነው እኮ!"

"ረሳሁት።"

ተቆጣኋት። ፈገግ ብላ ባዶ ቅሎቿን አንጠልጥላ ሄደች። የሚቆጣት ሰው ማግኘት ደስ የሚላት ይመስለኛል።

ቤት ገባሁ። የትናንት ወጥ አሞቅኩ። ለአንድ ሰው ማብሰል ትርፉ ድካም ነው።


ሚያዝያ 27

አዳነ ደወለ። የአስካለ ወንድም ነው፣ ወልድያ ልብስ ይሰፋል። ደውሎልኝ አያውቅም። "እህቴ ሆስፒታል ናት። አሲያን ጥሩልኝ ትላለች።"

ሄድኩ። ግራ ዓይኗ በእብጠት ተከድኗል። ሐኪሟ ዶክተር ፍሬሕይወት የምትባል ወጣት ሴት ናት። በር ላይ ቆማ ነገረችን። ፈንገስ ነው፣ ሻጋታ። ዳቦ ላይ የሚወጣው ዓይነት። ሁላችንም በየቀኑ ከአየር ጋር እንስበዋለን፣ ጤነኛ ሰው ላይ አይበቅልም። ስኳር ከልክ ሲያልፍ ግን ሥር ይሰዳል። ከአፍንጫ ወደ ዓይን፣ ከዓይን ወደ ጭንቅላት።

ሻጋታ ሰው ይበላል? እንጀራ ሲሻግትብኝ የነካውን ቆርጬ እጥላለሁ። እነሱም የሚያደርጉት ያንኑ ነው። ከአፍንጫዋ ውስጥ የሞተውን ሥጋ ቆርጠው ያወጣሉ። ከዚያ መድኃኒት።


ሚያዝያ 29

ቆረጡ። መድኃኒቱም በክንዷ ተሰክቶ መንጠብጠብ ጀመረ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ተንቀጠቀጠች። አልጋው እስኪንኳኳ። ሦስት ብርድ ልብስ ደረብንላት። እግሯን ያዝኩ። "በረደኝ አሲያ... በረደኝ።" ውጪ ሰው በጥላ ነው የሚሄደው።

ፋርማሲው ውስጥ የሚሠራ ሚስባህ የሚባል ልጅ አለ። የመርሳ ልጅ ነው፣ እናቱ ደንበኛዬ ናት። ወስዶ በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ።

"እትዬ አሲያ፣ መድኃኒቱ ሻጋታውን ይገድላል። ግን ኩላሊትም ይመታል። የእሷን ኩላሊት ደግሞ ስኳሩ ቀድሞ ጎድቶታል። ኩላሊቷ እምቢ ካለ መድኃኒቱን ማቆማችን ነው። ካቆምን ደግሞ..."

"ሌላ የለም?"

"አለ። መድኃኒቱ ያው ነው፣ አካሄዱ ነው የሚለየው። በጣም ደቃቅ የቅባት ኳስ ውስጥ ይከቱታል። የፀጉርን ውፍረት ለሺህ ቢከፍሉት አንዷን ታህል። ኳሷ በደም ውስጥ ስትሄድ ኩላሊት ጋ ጭነቷን አታራግፍም። ሻጋታው የደም ሥሩን ያቆሰለበት ቦታ ስትደርስ ሾልካ ትገባለች። እዚያ ታራግፋለች።"

"ቅባት? እንደ ቅቤ?"

"እንደዚያ ይበሉት።"

ወልድያ የለም። ደሴ አንድ መድኃኒት ቤት እንዳስመጣ ሰምቷል። ደወለ። ስድስት ብልቃጥ አለ፣ ለመጀመር ያህል ይበቃል። አዳነ "እኔ ልሂድ" አለ።

"አንተ ሙቀት የሚፈራ ዕቃ ይዘህ ታውቃለህ?"

አያውቅም። ዕቃ ሳይበላሽ ማድረስ የኔ ሥራ ነው።


ግንቦት 1፣ ዓርብ

ደሴ ደርሼ ተመለስኩ። ስድስቱ ብልቃጥ አጠገቤ ናቸው። ቢጫ ውሃ፣ ደፍረስ ያለ። ሰው የሚያድን አይመስልም።

የደሴዋ ፋርማሲስት በፎም ሳጥን አሽጋ፣ ለማቀዝቀዣ ሁለት የበረዱ የውሃ ላስቲኮች ጨምራ ሰጠችኝ። "ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ ነው። ያልገባዎት ነገር አለ?" አለች። "ነጋዴ ነኝ፣ ገብቶኛል" አልኳት። ሳጥኑ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ። በእንግሊዝኛ ነው።

መኪናው ሐይቅ ከተማ ላይ ቆመ። ሳጥኑን ከፈትኩ። ላስቲኮቹ ለስልሰዋል። ገና ነፋሻው አገር ላይ ነን... ውርጌሳ ስንደርስ ምን ይሆናል? መርሳስ? ቅባት ነው ብሎኛል። ቅባት በመርሳ ሙቀት ምን እንደሚሆን ለኔ አይነገርም። ዓሣ ነጋዴዎቹ ጋ ወረድኩ። በረዶ አላቸው። አንዱ "ጨው የገባበትን ልስጥሽ፣ እስከ ነገ አይሟሟልሽም" አለ። ስጠኝ አልኩት። ላስቲኮቹን አውጥቼ ጣልኩ። ብልቃጦቹን በፌስታል ጠቅልዬ በረዶው መሃል ቀበርኳቸው። ከላይም ደለደልኩበት።

ውርጌሳ ላይ ጎማ ፈነዳ። መለወጫው ጎማም ነፋስ የለውም። ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ቆምን። ሰው ሁሉ ዛፍ ሥር ሲሸሽ እኔ ሳጥኑን ታቅፌ በሻርፔ እጋርዳለሁ። ሾፌሩ፣ "እናት፣ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የታቀፍሽው?" አለ።

"ሰው ነው።"

ሳቁ። ይሳቁ።

መርሳ ስደርስ የወልድያ መኪና አልቋል። ነገ በጠዋት እንሄዳለን። በረዶው አሁንም አልላበም፣ የዓሣው ሰውዬ አልዋሸም። ለአዳነ ደወልኩ። "በደንብ ይዤዋለሁ" አልኩት። መረቀኝ።

ኮራሁ። እዚህ ብጽፈው ምን አለበት? የሚያየው የለ።


ግንቦት 2

ጠዋት ሳጥኑን ከፈትኩ። ብልቃጦቹ ድንጋይ ሆነዋል።

መጀመሪያ ደስ አለኝ! አልቀለጠም አልኩ።

ሚኒባስ ውስጥ አንዷን አውጥቼ በመዳፌ ያዝኳት። በእጄ ሙቀት ቀስ እያለች ተፈታች። ከሥር ቢጫ ዝቃጭ። ከላይ የጠራ ውሃ። ነቀነቅኩ። ቁርጥራጭ፣ እንደ ተበጣጠሰ ወተት። እንደገና ነቀነቅኩ። ወተት ሲበጣጠስ አውቃለሁ። አንዴ የተለያየ ነገር በመነቅነቅ አይዋሃድም።

ወልድያ መናኸሪያ ወርጄ ግንብ ላይ ተቀመጥኩ። አሰብኩ። እንደ ነጋዴ ነው ያሰብኩት፣ ሌላ ማሰቢያ የለኝም። ነቅንቄ ብሰጣቸውስ? ሚስባህ ሥራ በዝቶበት ላያይ ይችላል። ምናልባት ያየሁት ምንም ማለት አይደለም፣ እኔ ሐኪም ነኝ? አዳነ እንደመረቀኝ ይቀራል። አስካለም መድኃኒቴን ያመጣችልኝ ትለኛለች። ከዚህ ሳጥን ጋር ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም...

የግራናው ሰውዬስ ሙዙን ሲያሽ እንዲህ አይደል የሚያስበው?

ሳጥኑን ሚስባህ ፊት አስቀመጥኩ። "በረዶ አድርጌዋለሁ" አልኩት።

ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣት። "ኳሶቹ ፈርሰዋል" አለ። "ውሃው ሲረጋ ቅንጣቱ እንደ መርፌ ወጋቸው። የያዙት ፈሷል። ይሄ አይሰጥም።" ከዚያ ግራ ገባው። "በረዶ ብቻውን ግን እንዲህ ድንጋይ ባላደረገው..."

"ጨው ነበረበት።"

ግንባሩን ያዘ። "ጨው የገባበት በረዶ ቅዝቃዜው ከተራ በረዶም በታች ይወርዳል እኮ፣ እትዬ። ይሄ መድኃኒት መቀዝቀዝ አለበት እንጂ መርጋት የለበትም።"

"ባልነግርህ ታየው ነበር?"

ጎንበስ አለ። "እንጃ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንጃ።"

አዳነን ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት። ራሴ ነገርኩት።

"በደንብ ይዤዋለሁ አላልሽም?"

"ብያለሁ።"

"ሰው ናት እኮ! ቅቤ አይደለችም!" ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ እሱ ባሰኝ። "ከእንግዲህ አትምጪ። እኛው እንበቃታለን።"

አስካለን ሳላያት ወጣሁ።


ግንቦት 3

ሱቅ አልከፈትኩም።


ግንቦት 5

ሚስባህ ደወለ። ሌላ መድኃኒት ከአዲስ አበባ ታዟል፣ መንገድ ግን ተዘግቷል። መቼ ይከፈታል? እሱን የሚያውቅ የለም።

እስከዚያ ያንኑ የሚያንቀጠቅጠውን ይሰጧታል። ኩላሊቷ እንዲችል ቀድመው ብዙ ጨው ያለበት ውሃ በደሟ ያስገባሉ። ጨው ያድናልም ለካ።

የኩላሊት መለኪያ ቁጥር አለ። ጤነኛ ሰው አንድ ገደማ ነው። የእሷ ሁለት ነጥብ አራት።


ግንቦት 7፣ ገበያ

የአስካለ ቦታ ላይ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ተቀመጠች። ቦታው የሰው ነው ልላት ነበር። ተውኩት። ሰዉ "ያቺ የደጋዋ ሴት የት ሄደች?" ይለኛል። "አሟታል።" "ምን አግኝቷት?" ሻጋታ ብል ማን ያምነኛል... "ራሷን" እላለሁ።


ግንቦት 8

ሦስት ነጥብ አንድ። መድኃኒቱን ቀን እየዘለሉ ሊሰጧት ነው። ሻጋታውስ ቀን ይዘላል?


ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

መንገድ ተከፈተ። መጣ! ሚስባህ ራሱ ተቀብሎ ፍሪጅ ውስጥ አስገባው። የመጀመሪያውን ሰጥተዋታል። "አልተንቀጠቀጠችም እትዬ። ተኛች።"

ስልኩን ዘጋሁና አንዱን ቅቤ ሦስት ጊዜ መዘንኩ። ሦስቱንም ጊዜ ተሳሳትኩ። ገዢዋ "ምነው፣ ደህና አይደለሽም?" አለች። ሙቀቱ ነው አልኳት።


ግንቦት 20

የኩላሊቷ ቁጥር መውጣት አቁሟል። አልወረደም ግን።

የግራ ዓይኗን አወጡት። አዲሱ መድኃኒት ከመምጣቱ በፊት፣ በነዚያ ቀናት፣ ሻጋታው እዚያ ደርሶ ነበር። ሚስባህ "በነዚያ ቀናት" ሲል ፈጠን ብሎ ነው ያለፈው።

"የኔ በረዶ ነው?"

"ያለዚያም ሊሆን..."

"አትሸንግለኝ።"

"አላውቅም። ወላሂ አላውቅም፣ እትዬ።"

ይሄ ልጅ ለገበያ አይሆንም፣ አንድ ነገር መደበቅ አይችልም። ለኔ ግን ደግ ነው የሆነልኝ። በየሁለት ቀኑ ይደውላል። ሌላ የሚደውል የለም።


ግንቦት 29፣ ዓረፋ

ሰግጄ መጣሁ። አዲስ ልብስ አልለበስኩም። የጎረቤት ልጆች "ኢድ ሙባረክ" ብለው ብስኩት ወሰዱ። የቀድሞ ባሌ ከግራና ደወለ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ሁለት ደቂቃ አወራን። ልጆቹ ከኋላ ይንጫጫሉ።

በየዓረፋው አስካለ አንድ ቅል ለጋ ቅቤ ትልካለች። ሥጋችን አይገናኝም፣ ቅቤያችን ግን ይገናኛል ትላለች። ዘንድሮ ከራሴ ሸቀጥ ቆርጬ አነጠርኩ። ቤቱ ሸተተ። የሚበላው ሰው ግን አንድ ነው።

ሄጄ በር ላይ ልቁም? አትምጪ ተብያለሁ። የተከለከልኩበት ደጅ ሄጄ አላውቅም። እሱ ነው መሰለኝ ችግሬ...


ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ስልክ። የማላውቀው ቁጥር። ድምፁ ከአፍንጫ ይወጣል፣ አላወቅኩትም።

"አንቺ ሴት፣ ሞተሻል እንዴ?"

አስካለ! ቁጭ አልኩ።

"አለሁ።"

"ለመሞት የተኛሁት እኔ፣ የጠፋሽው አንቺ። ምን ዓይነት ነገር ነው?"

"አዳነ አትምጪ አለኝ።"

"አዳነ ማነው? የአልጋዬ ዘበኛ?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት። ትንፋሿን እሰማለሁ።

"የበረዶውን ሰምቻለሁ" አለች። "ከአዳነ ሰማሁት። ካንቺ ነበር መስማት የነበረብኝ።"

"ዓይንሽ..."

"ዓይኔ ሄዷል። ተቆጥቼብሻለሁ አሲያ፣ አልዋሽሽም። አልጋ ላይ ጣራ ጣራውን እያየሁ ስሰድብሽ ነው የከረምኩት። ከዚያ ይሄ የመድኃኒት ልጅ ነገረኝ። ራስሽ ባትናገሪ ያንን ብስባሽ ሳያውቁ በክንዴ ሊያፈሱት ይችሉ ነበር አለኝ። አሁንም ግን ተቆጥቻለሁ። ነገ ነይ። ፊት ለፊት ልቆጣሽ።"


ሰኔ 5

የገበያ ቀን ሱቅ ዘጋሁ። ከባሌ የተፋታሁ ቀን እንኳ ከፍቼ ነበር።

ከስታለች። ግራ ዓይኗ ላይ ነጭ ፋሻ። ስገባ አዳነ ተነሣ። ወንበሩን ወደ እኔ ገፋና ምንም ሳይል ወጣ።

ተቆጣችኝ። በደንብ። ሰው አይጠየቅም ወይ፣ ወረቀት አይነበብም ወይ፣ የሚያነብ ሰው ጠፍቶ ነው ወይ፣ "አውቃለሁ ማለትሽ ነው የሚገድልሽ!" ሁሉም ልክ ነው። ሲደክማት ውሃ ሰጠኋት።

"የደጋውን ቅቤ ማን እየወሰደው ነው?" አለች ከዚያ።

"ማንም።"

"ማንም?! የአስራ ሁለት ሴቶች ቅቤ ነው እኮ የማወርደው። አሁን ጾም ገባ፣ ቤታቸው አይበሉት። ይበላሻል።"

ዶክተር ፍሬሕይወት መጣች። ሻጋታው የለም አለች፣ ሁለት ጊዜ አየን፣ የለም። የኩላሊቱ ቁጥር አንድ ነጥብ ዘጠኝ ነው። ወደ ጥንቱ አይመለስም። በየአስራ አምስት ቀኑ መታየት አለባት። ዳገት አይቻልም፣ አዳነ ቤት ትቀመጣለች።

ሐኪሟ ስትወጣ አስካለ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ቤቷ ደጋ ነው። ላሞቿ ደጋ ናቸው። የምታለቅስ መሰለኝ... አፍንጫዋ ከተቆረጠ ወዲህ ድምፅ ስላለው አይታወቅም። ዕድሜ አገኘች፣ አገሯን አጣች። ግማሹ የሻጋታው ነው፣ ግማሹ የኔ። ማካፈሉን አልችልበትም።

"ደጋ አንቺ ሂጂ" አለች፣ ከግድግዳው ሳትዞር።

"ሰው እልካለሁ።"

"ሰው አትላኪ። ሰው ይሰርቃቸዋል። ራስሽ ውጪ።"

"መንገዱን አላውቀውም።"

አሁን ዞረች። በአንድ ዓይኗ አየችኝ። "አስራ ሰባት ዓመት ስወርድልሽ፣ አንድ ቀን የት ነው የምትገቢው ብለሽ ጠይቀሽኛል?"

አልጠየቅኩም።


ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ከወልድያ ባጃጁ እስከሚችለው ወሰደኝ። ከዚያ በእግር። ሁለት ሰዓት ዳገት። አስካለ ይሄንን በየሳምንቱ ሦስት ቅል ተሸክማ ትወርድ ነበር፣ እኔ ደግሞ ቅቤዋ ውስጥ ጣቴን እየሰደድኩ ቁልቁል አያታለሁ።

ብርድ። ጭጋግ። በሰኔ እንዲህ ይበርዳል? የመርሳ ሻርፔ ምንም አላለልኝም። ቅቤው እዚህ ራሱን ችሎ ይቆማል፣ ማንም በረዶ አይፈልግለትም። ጣቴን ብሰድ እምቢ አለኝ። ሴቶቹ ሳቁ። "በማንኪያ ነው እትዬ፣ እዚህ በጣት አይሆንም!" ትሁን የምትባል ልጅ እግር ሴት ማንኪያ አምጥታ አሳየችኝ። ያላወቅኩትን ሁሉ ጠየቅኩ። ስንት ቀን የቆየ ነው፣ በምን ይሸፈናል፣ የትኛውን አስካለ አስቀድማ ታወርድ ነበር... መልሱን አንድ በአንድ ሰማሁ። ለመስማት ጊዜ ነበረኝ።

አጥራቸው በር ላይ አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን አጋድመው ቆመዋል። ጭጋጉ ውስጥ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩ።

"የማን ነሽ?" አሉኝ።

ማን ነሽ አላሉም። እዚያ አገር እንዲህ ነው የሚጠየቀው፣ የማን ነሽ። መርሳ ላይ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ ሁሉም ቅቤ ነጋዴዋ ይለኛል፣ ይበቃል። ምን ልበላቸው? የአባቴን ስም እዚህ ማን ያውቀዋል? ባል የለኝ...

"የአስካለ ነኝ" አልኳቸው።

"እህ" አሉ። ምርኩዛቸውን ከበሩ ላይ አነሡ። "በይ ግቢ፣ ብርድ ነው።"